ስኳር የጣለችኝ ዕለት

ካልጋሪ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ጋሼ፣
ባቱ

እኔ ከናፍቆታችሁና ከግራ ዳሌዬ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ስለ ዳሌዬ ኋላ እነግርዎታለሁ።

በስልክ ያበላሸሁትን ነገር በወረቀት ላስተካክለው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልዎ። ለመስቀል ወደ አገር ቤት የሚገባ አንድ የሠፈራችን ልጅ ባቱ ድረስ በእጄ አደርሰዋለሁ ብሎ ምሎልኛል። ምናልባት መቂ ላይ ወርዶ ከዘመዶቹ ጋር ከከረመ ግን የምትሰሙኝ ለገና ነው፤ እስከዚያ እማዬን አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐምሌ አቦ ዕለት እዚህ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሕመሙ አላስተኛ ቢለኝ፣ ቤት ደወልኩ። እናንተ ዘንድ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር፤ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው። "ምነው ድምፅህ ደከመ?" አለችኝ። "ምንም አይደል እማዬ፣ ስኳር ጣለችኝ እኮ" አልኳት። ልሥቅ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። "ጣለችኝ" ማለቴን ኔትወርኩ በላው ወይስ እሷ በድንጋጤ "ጣለኝ" ብላ ሰማችው፣ እንጃ። ብቻ በማግሥቱ ከእህቴ የሰማሁት ይህን ነው፦ ልጄን በሰው አገር ስኳር ጣለው ተብሎ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አክስቴ ከአዳማ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች፤ ማንነቱን የማላውቀው አንድ ደግ ሰው የሽፈራው ቅጠል አድርቆ፣ አብሽ አስፈጭቶ "ይላክለት" ብሎ አመጣ። እማዬም "ልጄ እስኪድንልኝ ስኳር በአፌ አይገባም" ብላ ተሳለች። ሻይ ያለ ስኳር! ያውም እማዬ፣ በአንድ ብርጭቆ አራት ማንኪያ የምታደርገው!

ሁለተኛ ስደውልላት "እማዬ፣ ስኳር እኮ ፈረስ ናት" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ከአፏ አራቅ አድርጋ ለአክስቴ "ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት" ስትል ሰማኋት። በቤቱ ውስጥ ስለ ፈረስ ቢነግሩት የሚገባው እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

ይህች ካልጋሪ የምትባል ከተማ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ለአሥር ቀን ታብዳለች። ስታምፒድ ይሉታል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1912 ተጀመረ፤ ከ1923 ወዲህ ደግሞ ዓመታዊ በዓል ሆነ። ዶክተሩም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ዓመቱን ሙሉ ከኮምፒውተር ሌላ ነገር ዳስሶ የማያውቀውም ሁሉ ቡትስ ተጫምቶ፣ ነጭ ባርኔጣ ደፍቶ እንደ ከብት ጠባቂ እየተንገዳገደ ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር ቂጣ እየጋገሩ ሽሮፕ አፍስሰው በነፃ ያበላሉ። ዋናው ትርኢት ያልተገራ ፈረስ ላይ ስምንት ሴኮንድ መቆየት ነው። ስምንት ብቻ! ያውም በአንድ እጅ፤ ሌላው እጅ ፈረሱን ከነካ ተቆጠረበት። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይ "ስምንት ሴኮንድ ምን ትሆናለች" ብዬ ንቄ ነበር። አሁን አክብሬያታለሁ።

የምሠራበት መጋዘን ውስጥ በምሳ ሰዓት ወሬው ሁሉ ፈረስ ሆነ። አንዱ ዞር ብሎ "እናንተ አገር ፈረስ አለ?" አለኝ። ጋሼ፣ ሰው የሚጠፋው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው። "አለ" ብዬ ብተወው ምን ነበረበት? እኔ ግን ከአጼ ቴዎድሮስ ጀመርኩ። ንጉሦቻችን የሚሞገሱት በፈረሳቸው ስም ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፤ ባልቻ ሳፎ እንኳ አባ ነፍሶ ናቸው አልኩ። አላረካኝም። ስልኬን አውጥቼ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች ቪዲዮ አሳየኋቸው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ የዓድዋን ፈረሶች የሚዘክር መሆኑን እየተረጎምኩ፣ ያ ሁሉ ጌጠኛ ፈረስ ሜዳውን ሲሞላው ሰዎቹ ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡ። "ወገኖቼ ናቸው" አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን እንጅባራን በዓይኔ አይቼ እንደማላውቅም አልተናገርኩም።

ጥግ ላይ ፎርክሊፍት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። እዚህ አገር አንቱታ የለም፤ ሽማግሌውም ውሻውም ፈረሱም አንድ ነው የሚጠራው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። አባታቸው ኮርያ ዘምተው ነበር። እኔ ደግሞ የእኛ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ሲዘምት ስሙን የወሰደው ከራስ መኮንን ፈረስ መሆኑን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ቡናቸውን ጨርሰው ኩባያውን ጨመደዱትና "ሠራዊቱን በፈረስ ስም የሚጠራ አገር ልጅ በጋሪ ዕቃ ሲገፋ መዋል የለበትም። ቅዳሜ እርሻዬ ና፤ ፈረስ አውስሃለሁ" አሉኝ።

ጋሼ፣ እውነቱን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ፈረስ የማውቀው ከወደ ጅራቱ ነው። ልጅነቴን በሙሉ በእርስዎ ጋሪ ላይ ተቀምጬ የፈረስዎን የቦራን ዳሌ ሳይ አደግሁ። የቦራን ፊት ልግለጽ ቢሉኝ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረበት ከማለት አላልፍም፤ ዳሌውን ግን ዛሬም ከሺህ ፈረስ መሐል እለየዋለሁ። ባለጋሪ ከፈረሱ ጋር የሚነጋገረው በዛብና በአፉ ብቻ ነው። እግርም የሚናገር መሆኑን የሰማሁት እዚህ መጥቼ፣ ያውም ከዘገየ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ባዶ እጅ የሰው ደጅ እንዳይረገጥ አድርገው ያሳደጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ለሰውየው ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ለፈረሷ ደግሞ አንድ ካርቶን ኩብ ስኳር ይዤ ነው። ስሟ ሹገር ነው፤ በእኛ ስኳር ማለት ነው። ለስኳር ስኳር መግዛቴ በጣም አስደስቶኝ በአውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስሥቅ ሄድኩ። ሽማግሌው ቡናውን ተቀበሉና ካርቶኑን መለሱልኝ። "እሷን ስኳር አይስማማትም" አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ጣፋጭና የለመለመ ሣር ከልክሏታል፤ ደሟ ስኳሩን በወጉ አያስተናግደውም፤ ከበላች በሽታው ሰኮናዋ ውስጥ ገብቶ ያነክሳታል። ሣሩ ጉልበት ላይ ሲደርስ አፏ ላይ ቅርጫት የመሰለ ነገር አጥልቀው ነው የሚለቋት፤ በዚያ ሁሉ ለምለም መሐል ሠርግ ቤት እንደገባ ጾመኛ ትቆማለች።

እንግዲህ ጋሼ፣ ስኳር ያለባት እሷ ናት። ይህችን ለእማዬ ቃል በቃል ይንገሩልኝ።

እኛ ማጉረስ ፍቅር ነው ብለን ነው ያደግነው፤ የጎረቤት ልጅም ይሁን የጎረቤት ፈረስ አፉ ከተከፈተ እናጎርሳለን። ለካ የሰው ፈረስ ሳይጠይቁ አያጎርሱም። ያን ካርቶን ሳላስፈቅድ አንድ በአንድ ባቀምሳት ኖሮ ውለታዬን በአራት እግሯ እያነከሰች ትከፍልልኝ ነበር።

ቀጥለው "ስንት ኪሎ ነህ?" አሉኝ። ደነገጥኩ። እዚህ አገር ሰውን ኪሎውን መጠየቅ ደሞዙን ከመጠየቅ የከፋ ነውር ነው፤ እኛ ዘንድ "ወፈርክ" ምስጋና እንደሆነ ብነግራቸው አያምኑኝም። ፈረስ ሲያውሱ ግን ይጠይቃሉ። ፈረስ ከነኮርቻው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይመረጣል ይላሉ። ሹገር 480 ኪሎ ናት፤ አምስተኛው 96 ይሆናል። እኔ 78፣ ኮርቻው 15፤ ሦስት ኪሎ ተረፈኝ። "ቁርስ በልተሃል?" ሲሉኝ አልበላሁም አልኩ፤ ደግነቱ እውነት ነበር። የእኛ አገር ፈረስ የሹገርን ግማሽ ገደማ ቢመዝን ነው። በቦራ ጋሪ ላይ ሦስት ተሳፋሪ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ እርስዎና እኔ ስንጫን ማንም መዝኖን አያውቅም። መጎተት መሸከም አይደለም ይሉኛል፤ ልክ ነው፤ ቢሆንም ያን ሽንኩርት ሳስበው አፈርኩ።

ከዚያ ጥያቄው የእኔ ተራ ሆነ። "አትጠይቀኝም?" አሉ። ምን ብዬ? "የማታውቀውን መኪና ስትዋስ ፍሬኑ የት እንደሆነ አትጠይቅም?" ጠየቅኩ እንግዲህ። ምን ትፈራለች? ፌስታል። አዎ፣ ፌስታል፤ ነፋስ ያነሣው ፌስታል ካየች የዛፍ ጥላ ሥር ገብታ ትደበቃለች። ቦራ አይሱዙ ጆሮው ሥር ጡሩምባ ሲነፋበት ማዛጋቱን አልነገርኳቸውም፤ የሰው ፈረስ ከሰው ፈረስ ጋር ማወዳደርም ነውር መሰለኝ። በምን ትቆማለች? "ዎ" በማለት። በምን ትሄዳለች? ምላስ ጠቅ ሲደረግ ሶምሶማ፤ ከንፈር እንደ መሳም ጩቅ ሲደረግ ግልቢያ። ራሴን ነቀነቅኩ። ጋሼ፣ ያልገባኝን ነገር ራስ መነቅነቅ ለስንት ጉድ እንደዳረገኝ ቢቆጠር ከስደቴ ዘመን ይበልጣል።

የጭንቅላት መከላከያ ሰጡኝ፤ የግንበኛ ቆብ የሚመስል። ለፎቶ የተመኘኋት ነጭ ባርኔጣ አጥር ላይ ተሰቅላ ቀረች። "እማዬ ለምታጭልኝ ልጅ የምልከው ፎቶ ነው" ብል "ከመቃብር የሚላክ ፎቶ አይረባትም" አሉኝ። ከኋላዋ አትምጣ፣ ከጀርባዋ ቀጥታ ያለውን አታይም፤ እያናገርካት በትከሻዋ በኩል ቅረብ አሉ። ምን ልበላት? አማርኛ ቢሆንም ግድ የለም አሉኝ። "እንደምን አደርሽ እሜቴ" እያልኩ ቀረብኩ። ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች፤ ካልጋሪ ከገባሁ ወዲህ በአማርኛ ሰላምታዬ የተደሰተ የመጀመሪያው ነዋሪ እሷ ናት።

ኮርቻው ወንበር ነው፤ ፊቱ ላይ ቀንድ አለው። ሆዷ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ስናጠብቅ አየር ሳበችና ሆዷን ነፋች። ጥቂት አራምደው እንደገና አጠበቁት፤ አለዚያ ትንፋሿን ስትለቅ ኮርቻው ከነሰውየው ይዞራል። እርስዎ አህያ ሲጭኑ "ቆይ፣ ታውጣው" ብለው ሲጋራዎን የሚለኩሱት ለዚሁ ነበር ለካ። እኔ ሱስ ይመስለኝ ነበር።

ልወጣ በቀኝ በኩል ቆምኩ። "በግራ ነው" አሉኝ። ተከራከርኩ። የድሮ ፈረሰኞቻችን ሰይፋቸውን በቀኝ ጎን ስለሚታጠቁ በቀኝ በኩል ይወጡ እንደነበር የፈረንጅ ተጓዦች ራሳቸው ጽፈዋል አልኩ። እርካባቸውም ትንሽ ቀለበት ስለነበር በባዶ እግር አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር የሚያስገቡበት። ሽማግሌው በትዕግሥት ሰምተውኝ "ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሹገር ግን አላነበበችውም" አሉ። በግራ ወጣሁ። ያውም በርጩማ ላይ ቆሜ! ከመሬት ተንጠላጥሎ የሚወጣ ሰው ኮርቻውን በጀርባ አጥንቷ ላይ ያጣምምባታል አሉኝ። ይህ ለእሷ ክብር ነው፤ ለእኔ ግን ጎልማሳ ሰው በበርጩማ ሲወጣ የባቱ ልጅ ባያየኝ እያልኩ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

ወጣሁ። ጋሼ፣ ከላይ ሲሆኑ ፈረስ ሌላ እንስሳ ነው። ከጋሪ ላይ የሚያዩት ዳሌ ጠፍቶ ጆሮ ሆነ፤ በሁለቱ ጆሮዎች መሐል በስተምዕራብ በረዶ የለበሱት ተራሮች ይታያሉ። ሽማግሌው በራሳቸው ዳማ ፈረስ ከጎኔ ሆኑ፤ ቀስ ብለን በእርምጃ ሄድን። የበረቱን በር ተዘግቶ ስላገኘነው ዘግተነው አለፍን፤ ክፍት ቢሆን ኖሮ ክፍቱን እንተወው ነበር፤ የሰው እርሻ ሕጉ እንዲህ ነው። ሰላም ሆነ። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ያሉት ምኒልክ ትዝ አሉኝ። በሁለት እግሩ በቆመ ፈረስ ላይ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ ተቀምጠዋል፤ ጣልያን አንሥቶ የቀበራቸውን ዘመን ካልቆጠርን አንድም ቀን አልወረዱም። እኔ ደግሞ በአራቱም እግሯ በቆመች ላይ ነኝ፤ ምን ያወርደኛል? ብዬ አሰብኩ።

ሽማግሌው ማውራት ጀመሩ። ሹገር የባለቤታቸው ፈረስ ነበረች። ከውርንጭላነቷ ያሳደጓት፣ ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ነበሩ። ሴትየዋ ከሁለት ዓመት በፊት ታመው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሹገር ላይ የወጣ ሰው የለም፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ? የባቱ ልጅ ምን ያደርጋል? ከልቤ አዝኜ ከንፈሬን መጠጥኩ። "ምጽ!"

ሹገር ግልቢያ ጀመረች።

ዛቡን በሁለት እጄ እንደ ባለጋሪ ወደ ደረቴ ሳብኩ፤ መቼም እጄ ያንን ያውቃል። ግን እንዳልወድቅ ብዬ በእግሮቼ ጎኗን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ጎን መጫን ደግሞ በእሷ ቋንቋ "ጨምሪ" ነው። እጄ ቁሚ ይላታል፣ እግሬ ሂጂ ይላታል፤ ምስኪኗ እንስሳ ከሁለት ሰው ጋር የምትሄድ ሳይመስላት አይቀርም። በጎን በኩል አጥሩ ሲሮጥ አየሁ። የጠራሁትን ታቦት ብቆጥርልዎ የባቱን ደብሮች ጨርሼ ደምበል ሐይቅን ተሻግሬ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለችውን ደብረ ጽዮን ማርያምን ሁሉ ተስያለሁ። በመጨረሻ ቃሉ ትዝ አለኝና "ዎ!" ብዬ ጮህኩ። ሹገር የታዘዘችውን የምትፈጽም ናት፤ በአንድ ጊዜ ቆመች። እኔን ግን "ዎ" ያለኝ አልነበረም፤ ቀጠልኩ።

የወደቅሁት በግራ በኩል ነው። በወጣሁበት መውረዴ ቢያንስ ሥርዓት ነው።

ሽማግሌው እየጋለቡ አልመጡም፤ ቢጋልቡ እሷንም ያስደነብሯታል። በእርምጃ መጥተው ወረዱና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ሄዱ። ዛቡ እግሯ ላይ እንዳይጠመጠም ያዙት፤ አራቱንም እግሮቿን ከላይ እስከ ታች በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ በኋላ ነው "አጥንትህ እንዴት ነው?" ያሉኝ። ሣሩ ላይ ተጋድሜ ከፋኝ፤ ሰው ወድቆ ፈረስ ይጠየቃል? እያልኩ ሳማርር የሚዳስሱበትን እጅ አየሁት። ያን እጅ አውቀዋለሁ። የእርስዎ እጅ ነው።

እንግዲህ የደብዳቤዬ ሁለተኛ ጉዳይ ይህ ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቷል።

በ1996 የጥምቀት ዕለት፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ "ጋሼ፣ ቦራን ሐይቅ ወስጄ ውኃ ላጠጣው" ብዬ ለመንኩዎት። እርስዎም ለበዓሉ ብለው ጋማውን በቀይ ክር አስጊጠውት ነበር፤ ሰጡኝ። ውኃ አላጠጣሁትም። ታቦታቱ ካደሩበት ሜዳ ጀርባ፣ ከአርሲ በኩል ፈረስ ይዘው ከመጡ ልጆች ጋር ጉግስ ልጫወት ብዬ በባዶ ጀርባው ላይ ጆንያ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጉግስ አልነበረም፤ አራት ጊዜ እየተመላለስኩ ማስሮጥ ብቻ ነው። የጋሪ ፈረስ ነው፤ ጀርባው ላይ ሰው ለምዶ አያውቅም፤ ግን እሺ አለኝ። አረፋ እስኪደፍቅ ድረስ እሺ አለኝ። ከዚያ ላቡ እንዳይታወቅብኝ ሐይቁ ውስጥ አስገብቼ አጠብኩት። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ቆመው አዩኝ፤ ሌላ ምስክር አልነበረም። "ገላውንም አጠብኩልዎት" ብዬ ሳስረክብዎ እርስዎ ምንም አላሉም። እጅዎን በፊት እግሮቹ መሐል አስገብተው ደረቱን ዳሰሱት፤ ልቡ ገና ሲመታ ሰምተውታል። ከዚያ እራትዎን ትተው፣ ግቢው ውስጥ እየያዙ ሲያንሸራሽሩት አመሹ።

በማግሥቱ ቃና ዘገሊላ ነበር፤ ጋሪ ከዓመቱ ሁሉ በላይ የሚሠራበት ቀን። ቦራ አልወጣም። ሰዎች ሲጠይቁዎት "ደክሞታል" አሉ። እኔን አልሰደቡኝም፣ አልመቱኝም፣ ቀና ብለውም አላዩኝም። እማዬ እስካሁን ድረስ ያን ቀን ጋሪው የቆመው መንኮራኩሩ ተበላሽቶ ነው ብላ ታምናለች። ይቅርታ ጋሼ። ያን ቀን የቀረብዎትን ገቢ በዛሬ ብር ልሠራው ሞክሬ ነበር፤ ምንዛሬው በየሳምንቱ እየዘለለ አስቸገረኝ፤ ከደብዳቤው ጋር የላክሁትን እንዳይቆጥሩት።

ሽማግሌው አነሡኝና "ትወጣለህ ወይስ ትመራታለህ?" አሉኝ። መራኋት። ቤቱ ሲታያት መፍጠን ጀመረች፤ እንኳን ፈረስ እኔም ከሥራ ስወጣ እፈጥናለሁ፤ ግን የመጨረሻዋን መንገድ በእርምጃ አስኪዳት አሉኝ። ወደ ቤት መሮጥ የለመደች ፈረስ የሚቀጥለውን ሰው ደጃፉ ላይ ትሰብረዋለች። ስንደርስ ደረቷ ትኩስ ስለነበር ግቢውን እየዞርን አበረድናት። ይህን እንኳ ማንም አላስተማረኝም፤ ከእርስዎ ያየሁት ነው። ሽማግሌው ቅንድባቸውን አነሡና ዝም ብለው ተከተሉኝ። ከዚያ ልጓሙን አውልቄ፣ ኮርቻው ያረፈበትን ጀርባዋን በብሩሽ ፈትጌ፣ ሰኮናዋ ውስጥ የተሰነቀረውን ጠጠር በትንሽ የብረት ቆልማማ አወጣሁላት። ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጡኝ። ስለዚህ አካፋ ተቀብዬ እያነከስኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ የበረቱን ፋንድያ ዛቅኩ። አደራ፣ ይህችን ለእማዬ አይንገሩ፤ ካናዳ ፋንድያ ሊዝቅ ሄደ ትላለች።

ማታ ላይ በረንዳ ተቀምጠን ያመጣሁትን ቡና አፈላሁላቸው። ያኔ ነው የከንፈሩን ነገር ያስረዳኋቸው፤ እኛ ዘንድ ሐዘን ሲነገር ከንፈር ይመጠጣል፤ ስለ ባለቤትዎ አዝኜ እንጂ ልጋልብ ፈልጌ አይደለም አልኩ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር፤ አለቀሱ ብዬ ደንግጬ ሳይ ይሥቃሉ። ባለቤቴ ይህን ብትሰማ እስከ ገና ትሥቅ ነበር አሉ። ስኒያቸውን አስቀምጠው እሳቸውም ሞከሩት፤ "ምጽ"። ሜዳው መሐል ሹገር አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እኛ ተመለከተች።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እሄዳለሁ። ስምንት ሴኮንድ ስንት እንደሆነች ስለገባኝ በእርምጃ ብቻ ነው የምንሄደው፤ ሐዘን ቢወራ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ዳሌዬም እየዳነ ነው።

ከደብዳቤው ጋር ያችን የብረት ቆልማማ ልኬልዎታለሁ። ሰኮና መጥረጊያ ናት፤ ጎማ መፍቻ እንዳትመስልዎ። ባጃጁ ጋሪን ከመንገድ ቢገፋውም አዳሚ ቱሉ በኩል አሁንም የሚሠሩ ባለጋሪዎች አሉ አሉኝ፤ ፈረሱን በደንብ ለሚይዝ ሰው ይስጡልኝ።

የሽፈራውን ቅጠል ያደረቀልኝን ሰው አመስግኑልኝ፤ ለሹገር ይጠቅም እንደሆነ ሐኪሟን እጠይቃለሁ። ለእማዬ ደግሞ ቀስ ብለው ያስረዱልኝ፤ ስለቷን ንስሐ አባቷ ይፍቱላት። "እሺ" ብትል አይመኗት፤ ሻይ ሲፈላ አጠገቧ ይቀመጡና አራቱን ማንኪያ ስታደርግ በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይደውሉልኝ።

እጅ ነሺ የእህትዎ ልጅ